አያ ጅቦ ያሞቀው ማሽላ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ አኩርፎ በቀረበት ዓመት፣ አንበሳ የዱሩን አራዊት በሙሉ ከትልቁ ዋርካ ሥር ሰበሰበ። ፊቱ ጥቁር ብሏል። ዙሪያውን ቢያይ የሚዳቋዋ የጎድን አጥንት ከሩቅ ይቆጠራል፣ ከርከሮው እንደ ባዶ ስልቻ ተጨማዷል፣ ጅግራዋም ላባ ብቻ ሆናለች።

«ስሙኝማ!» አለ አንበሳ። «እናንተ ስትከሱ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ! ትናንት አንዲት ሚዳቋ ይዤ፣ ሥጋ አገኛለሁ ስል ጥርሴን ነቅንቄ ተመለስኩ። በሉ መላ አምጡ!»

በመጨረሻ ከኋላ በኩል ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ብቅ አሉ። አህያ ነበረች። ከሰው መንደር ጠፍታ የመጣች ነች፤ ጀርባዋ ላይ የጭነት ጠባሳ አለ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ደግሞ ስትጫን ያየችው ነገር ሁሉ ተከማችቷል።

«ጌታዬ፣» አለች፣ «ወንዙ ዳር ወፍ ዘራሽ ማሽላ በቅሏል። አሁኑኑ ከተረባረብንበት በአንድ ሰሞን ያልቃል። ሣሩ እስኪያልቅ ሣር እየበላን ማሽላውን ብናስቀምጠው ግን እስከ ዝናቡ ያደርሰናል። ሰዎቹ ምን ያደርጋሉ መሰለዎት? መሬት ይቆፍራሉ፣ ግድግዳውን በእበት ይለስናሉ፣ እህሉን ከተው አፉን በድንጋይና በአፈር ይደፍኑታል። ጉድጓዱ ቀዝቃዛ ስለሆነ እህሉ እንደተኛ ይከርማል።»

«ጉድጓድ ከሆነ የኔን ውሰዱ!» አለ ጅብ ከተቀመጠበት ተነስቶ።

ሁሉም ዞር ብሎ አየው። ጅብ ቸር ሲሆን አይቶ የሚያውቅ የለማ! ደግሞም አፉ «ውሰዱ» ሲል ምራቁ እስከ ጉልበቱ ይዝረበረባል።

«ኪራይ አልጠይቅም፣» ቀጠለ ጅብ፣ አህያን ከኮቴዋ እስከ ጆሮዋ እያየ። «ብቻ እህሉ ተበላሽቶ ከተገኘ… ባለ ሐሳቧ ለኔ ትሁን።»

«ደንበኛ ፍርድ!» አለ አንበሳ። «አህያ ትከዝን፣ ጅብ ዘብ ይሁን። አያ ጅቦ፣ ከእህሉ እንዳትለይ! እኔ ወደ ሩቁ ቆላ እወርዳለሁ። ሣሩ ሲያልቅ መጥቼ ጉድጓዱን ራሴ እከፍታለሁ፤ እጄንም ማሽላው ውስጥ እከታለሁ። እስከ ክርኔ ከሸፈነኝ ለሁላችሁም ይከፋፈላል። ካልሸፈነኝ አህያ የጅብ ነች።»

አህያ «ኧረ ጌታዬ…» ልትል አፏን ስትከፍት ጉባኤው በጭብጨባ ተበተነ። ሰው ቤት እያለች ዱላ ነበር የምትፈራው። አሁን ዱላው ናፈቃት።

ያም ሆነ ይህ ሥራው ተሠራ። ሁሉም በአፉም በቀንዱም ማሽላ አመላለሰ፣ አህያም ጉድጓዱን በእበት ለስና ማሽላውን እስከ አፉ ሞላችው። ልትደፍነው ስትል ግን አንዲት ፍሬ ላይ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አየች። ጎንበስ ብላ ብታይ ሁለት ነቀዞች ናቸው፤ ባልና ሚስት ተቃቅፈው ይንቀጠቀጣሉ።

«እንደምን ዋሉ እሜቴ?» አለ ባልየው፣ ያን ረጅም አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ።

«እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

«ምን እንሠራለን፣ ይበርደናል! እግራችን ተሳሰረ። እህሉ ከፊታችን ተቆልሎ መንጋጋችን አልታዘዝ አለ። ከተጋባን ወዲህ እንኳን ልጅ ልንወልድ፣ ወግ ያለው ጨዋታም አልተጫወትን።»

«ማሽላዬን ትጨርሱታላችሁ እንዴ?»

«በዚህ ብርድ? አንዲት ፍሬ ይዘን እንከርማለን፣ እሷንም ተራ በተራ።»

አህያ አመነታች። በዚያ በኩል ቀበሮ ጅራቷን እያከከች ስታልፍ ነገሩን አይታ ቆመች። ቀበሮ መቼም የዱሩ አራዳ ነች፤ የማትገባበት ነገር የለም።

«ለሁለት ነቀዝ ነው እንዲህ የጨነቀሽ?» አለች እየሳቀች። «ኧረ አታሳቂኝ እመት አህያ! ይኼን ሁሉ ማሽላ ሁለት ነቀዝ ምን ልታደርገው? ድፈኚውና ወደ ሣርሽ ሂጂ።»

እውነትም ሁለት ናቸው። አህያ ድንጋዩን ገፋች፣ አፈሩን መለሰች፣ ረገጠችው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ክዳኑ ላይ ጆሮዋን ትለጥፋለች። ያን የሚያህል ጆሮ ተለጥፎ ምንም አይሰማም። ጭጭ። እሷም «ተመስገን» ብላ ትመለሳለች።

በጋው እየጠና ሄደ። ሣሩ በቅርብ እያለቀ ስለመጣ አህያ ራቅ ብላ ስትግጥ ሰነበተችና፣ አንድ ቀትር ላይ ጉድጓዷን ልታይ ብትመጣ የምታየውን ማመን አቃታት። ክዳኑ ወዲያ ተወርውሯል፤ ከጉድጓዱ አፍ አንድ ጅራት ወደ ሰማይ ተሰቅሏል፤ ከውስጥ ደግሞ ምድር የሚያንቀጠቅጥ ማንኮራፋት ይሰማል።

ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይኸኛው ቁርበትም አላስፈለገው፤ በሚያውቁት አገር የሁሉንም ቀለብ አንጥፎ ተኝቶበታል።

«አያ ጅቦ! ምን እያደረግህ ነው?»

ጅብ አንድ ዓይኑን ከፈተ። «ዘብ ነኝ።»

«ተኝተህ?»

«ጌታችን ‹ከእህሉ እንዳትለይ› አላሉኝም? ይኸው፣ ተለየሁ? በሆዴ ነው የያዝኩት! ሌባ ቢመጣ እኔን ሳያነሳ አንዲት ፍሬ ይነካል?»

«ክዳኑን ለምን ከፈትከው ታዲያ?»

«አፈነኝ፣» አለና ተገላብጦ ማንኮራፋቱን ከተወበት ቀጠለ።

አህያ አፍንጫዋን በጅብ ብብት ሥር አሾልካ ማሽላው ውስጥ ነከረችው። ሞቋል! እንደ ትኩስ እበት ሞቋል። ጆሮዋን ብታዘነብል ከሥር ቅርጥ፣ ቅርጥ፣ ቅርጥ የሚል ድምፅ ይመጣል፤ በዚያ ላይ እልልታ አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ «የሙሽራዬ» የሚል አለ።

«ማነሽ አንቺ፣ ሰርጉን የምትረብሺው?» አለ አንድ ቦርጫም ነቀዝ ብቅ ብሎ። ያ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ባልየው ነው። «እሜቴ» ማለቱ ቀርቷል።

«የምን ሰርግ?»

«የልጄ። ቆይ… የልጅ ልጄ መሰለኝ። ከወዲያ ደግሞ የእሱ ልጅ ያገባል። ተምታታብኝ፣ ዛሬ ብዙ ድንኳን ነው የተጣለው።»

«ሁለት አልነበራችሁም እንዴ?»

«ያኔ በብርድ ማን ያገባል?» አለ ነቀዙ ቦርጩን እየደባበሰ። «ፀሐያችን አያ ጅቦ ከላያችን ከተኙ ወዲህ ግን ሕይወት መጣ! የቀዘቀዘ እንቁላል ለመፈልፈል ስንት ጊዜ ይለመን ነበር፤ አሁን ተጥሎ ዞር ሳንል ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ስሙን ሳንይዘው ሚስት ይጠይቃል። ችግራችን አንድ ነው፤ አያ ጅቦ ጀንበር ስትጠልቅ ለአደን ይወጣሉ። ያኔ ሰውነታችን ይሳሰርና ሥራ ይፈታል። ሙቀት ቢጨመርልን እንጂ ይኼን ጉድጓድ መቼ ጨርሰነው ነበር!»

አህያ አንዲት ፍሬ በከንፈሯ አነሳችና እፍ አለችባት። ፍሬዋ በረረች። ቅርፊት ብቻ ነበረች።

ከጉድጓዱ አጠገብ ካለ ቁጥቋጦ ጀርባ ሄዳ ቁጭ አለች። ባል ጠርታ እንዳትጮህ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። አንበሳ ዘንድ እንዳትሄድ፣ መንገዱን ስትጨርስ ሣሩም ያልቃል። እዚያው ሆና ስታስብ ከጉድጓዱ በኩል ሹክሹክታ ሰማች። ሹክሹክታ መስማት ለአህያ ጆሮ ምኑ ይከብዳል!

«እመት ቀበሮ፣ ምክርሽስ ጥሩ ነበር፣ ግን በላኝ እኮ!» ይላል ጅብ። ጀርባውን ከድንጋዩ ጋር እየፈተገ ነው።

«ቻለው አያ ጅቦ። የምትበላው ሲመጣልህ ትንሽ ብትበላ ምን አለበት? እኔን እየኝ፤ በክረምት ቁንጫዬ ጥቂት ነች፣ በጋ ሲገባ ግን ጅራቴ የኔ መሆኑ ይቀራል። ነቀዝም ያው ነው። አሙቀው፣ ይራባል። ጌታችን መጥተው እጃቸውን ሲከቱ ዱቄት ይዘው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ አህያዋ…»

«የኔ!»

«ጉበቷ የኔ ነው ተባብለናል።»

«ጉበትማ ለኔ ነው! አንቺ ጆሮዋን ውሰጂ፣ ትልቅ ነው።»

እነሱ በጉበት ሲጨቃጨቁ ባለ ጉበቷ ቁጥቋጦው ሥር በላብ ተጠመቀች። የጥንቷ አህያ «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» ያለችው ትዝ አላት። ለእሷስ ሰበቡ በአፍ ብቻ ነበር የተነገራት። ለዚችኛዋ ግን ሰበቡ በጅብ ሆድ እየታቀፈ፣ እየተፈለፈለ፣ እየተዳረ ነው!

አህያ ሲከፋት መንደባለል ትወዳለች። ከጉድጓዱ ወረድ ብሎ ዛፍ የማይደርስበት ሰፊ ጥቁር አለት አለ። ልቧ ሌላ ቦታ ነበርና ሰዓቱን ሳታይ ሄዳ በጀርባዋ ዘፍ አለችበት። ከመንደባለሏ በፊት ተወርውራ ተነሳች! የቀትር ፀሐይ አለቱን ጠብሶት ጀርባዋን ለበለባት። እያናፋች ዞር ስትል ከጎኗ አንዲት ጉንዳን አለቱን ልታቋርጥ ትሮጣለች። እስከ መሃል ደረሰች፤ ተንገዳገደች፤ ተገለበጠች፤ በቃ።

አህያ ጉንዳኗን ቆማ አየቻት። አሁንም አየቻት። «ለካ ሙቀትም ልክ አለው፣» አለች ለራሷ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጆሮዋ ቀጥ ብሎ ቆመ።

በማግስቱ ቀበሮ ቁንጫዋን ልታሰጥም ወንዝ ወረደች። አህያ ይህን ጠብቃ ጅብ ዘንድ ሄደች። ጅብ በአራቱም እግሩ በየተራ ራሱን እያከከ ነው።

«አያ ጅቦ፣ መኝታህ አሳከከህ አይደል?» አለችው። «ሰው ቤት ቁርበቱ ተባይ ሲገባው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ይኼን መኝታህን ከጥቁሩ አለት ላይ ላስጣልህ? ልሸከመው እኔ አለሁ። ስልቻም አለኝ።»

ጅብ ማሰብ ጀመረ። ጅብ ሲያስብ ደግሞ ጮክ ብሎ ነው። «ፀሐይ… ፀሐይ ሙቀት ነው። ሙቀት ሲኖር ነቀዝ ይራባል። ትንሽ ሙቀት ይኼን ያህል ካራባ፣ ትልቅ ሙቀት ደግሞ… ነቀዝ በነቀዝ! ከዚያ አህያ… ሂሂሂ!» ቀና አለና ድምፁን አሳመረ። «ምንም አላሰብኩም። ጥሩ ነው፣ ይሰጣ።»

«ይሰጣ!» አሉ ከሥር ነቀዞቹ በአንድ ድምፅ። «ሙቀት ይጨመርልን! አለቱ ለዘላለም ይኑር!»

ዓለም ከተፈጠረ ወዲህ ጅብ አህያ ሲጭን የታየው ያን ቀን ብቻ ነው። ስልቻውን እየሞላ፣ እያነሳ፣ ወገቧ ላይ እያመቻቸ ላቡን አፈሰሰ።

«ቀስ በል፣ ወገቤን!»

«አትነጫነጪ፣ ስትጫኚ አይደል የኖርሽው?»

«ምራቅህን ግን ከታፋዬ ላይ ብታነሳልኝ።»

«አምልጦኝ ነው፣» አለ ጅብ አፉን እየጠረገ። «ቶሎ ቶሎ በይ፣ ፀሐይዋ እያለች!»

አህያ እየተመላለሰች ማሽላውን ሁሉ አለቱ ላይ ዘረገፈችው፤ ከዚያ በኮቴዋ እያሰሰች እንደ ስስ ቂጣ አነጠፈችው። ነቀዞቹ በመጀመሪያ በደስታ አበዱ። እልልታው ቀለጠ፤ ቦርጫሙ አያት ፍሬ ላይ ወጥቶ እስክስታ ወረደ።

ብዙ አልቆየም፣ እስክስታው ዝላይ ሆነ።

«አንቺ… አንቺ አህያ! ትንሽ በዛ!»

«እናንተ አይደላችሁ ጨምሩልን ያላችሁት?»

«ጨምሩ አልን እንጂ ቁሉን አልን? ኧረ እሜቴ! ኧረ ጥላ!»

«እሜቴ» ተመልሶ መጣ፤ ግን ረፍዶ ነበር። ክንፍ ያለው በረረ፣ እግር ያለው ሮጠ። የሮጠውም እንደዚያች ጉንዳን መሃል አለት ላይ እየተገለበጠ ቀረ። ፍሬው ውስጥ ተሸጉጦ ሚስት የሚጠብቀውም ሙሽራ እንዳለ ጋለ።

ቀበሮ ከወንዝ ስትመለስ ከሩቅ አይታ ውኃዋን እያንጠባጠበች ሮጠች። «ምን አደረግህ አንተ?»

«ሙቀት ጨመርኩ!» አለ ጅብ ደረቱን ነፍቶ። «ትንሹ ሙቀት ሰርግ ካመጣ ትልቁ ሙቀት…»

«ትልቁ ሙቀት ለቅሶ ነው የሚያመጣው፣ ደደብ! ገንፎ ሲሞቅ ይጣፍጣል ተብሎ ድስቱ ይዋጣል?»

ያን ጊዜ ለጅብ በራለት። ማሽላውን ልመልስ ብሎ በአራት እግሩ አለቱ ላይ ዘለለ። ጩኸቱ ማዶ ለማዶ አስተጋባ፤ እንደ ኳስ ነጥሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቀ። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል ይላሉ፣ ይኼኛው ግን ሳይነክስ አነከሰ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዝንጀሮዎች መጥተው «እንክተተው?» ቢሏት አህያ እምቢ አለች። «ከነትኩሳቱ ከከተትኩትማ ጅቡ እኔው ሆንኩ ማለት አይደል!» ማለዳ፣ ፍሬው እንደ ጠጠር ሲቀዘቅዝ ነው ወደ ጉድጓዱ የመለሰችው፤ ያኔ አፉን ደፍና፣ አፈሩን ረግጣ፣ ራሷ ተቀመጠችበት።

ሣሩ አለቀ። አንበሳም መጣ። ሁሉም በተሰበሰበበት ክዳኑ ተነሳ፤ አንበሳ እጁን ማሽላው ውስጥ ሰደደ። ገባ፣ ገባ፣ ገባ… ክርኑ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መሬቱን ነካ።

«አልሸፈነኝም፣» አለ አንበሳ።

«የኔ!» ብሎ ጅብ በማንከሱ ላይ ዘለለ። አህያ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቆይ፣» አለ አንበሳ። እጁን አውጥቶ ሲያየው ጥፍሮቹ መሃል ጸጉር ተጠምጥሟል። ጸጉሩ ሸካራ ነው፣ ይሸታልም። «ማሽላ ጸጉር ማብቀል የጀመረው መቼ ነው?»

«ጌታዬ፣ ጥፋትም አለብኝ፣» አለች አህያ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ሲከዘን ሁለት ነቀዝ አይቻለሁ፤ ሁለት ናቸው ብዬ ንቄ ደፈንኩባቸው። ኋላ ሲራቡ ማሽላውን ጥቁሩ አለት ላይ አስጥቼ ፈጀኋቸው። ጸጉሩ ግን የኔ አይደለም። የዘቡ ነው።»

«ጌታዬ አይስሟት!» አለ ጅብ። «እኔ ከእህሉ ለአፍታ አልተለየሁም! ቀን ሙሉ ከላዩ ተኝቼ በሆዴ ነበር የማሞቀው!»

አንበሳ ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረ። «ታሞቀው ነበር?»

ጅብ ምን እንዳለ ገባው። ስለዚህ ሌላ የባሰ ነገር ተናገረ። «እመት ቀበሮ ነች አሙቅ ያለችኝ! ጉበቷን ልትወስድ!»

«እኔ?» አለች ቀበሮ፣ አንድ እግሯን ወደ ቁጥቋጦው ልካ። «ጌታዬ፣ እኔ ደክሞት ባየው ‹አረፍ በል› ነው ያልኩት። ማረፍ ኃጢአት ነው?»

አንበሳ ለረጅም ጊዜ አጉረመረመ፤ ሆዱም አብሮት አጉረመረመ። «አህያ ያተረፈችው ዘቡ ካጠፋው ይበልጣል፤ ስለዚህ አህያ የማንም አይደለችም። አንቺ ቀበሮ፣ አለቱ ላይ የነቀዝ ሬሳ አለ። በጅራትሽ ጠርገሽ ጨርሺ፣ በቀትር። አያ ጅቦ፣ አንተ ዘብነት ትወዳለህ አይደል? ሂድና ውርጭ የሚወርድበትን ያን ተራራ ጠብቅልኝ። የሚሰረቅ ነገር የለውም፣ ግን እንዳትለየው።»

ማሽላው ተከፋፈለ። ቀጭን ቀጭን ድርሻ ነበር፤ የሆነ ሆኖ እስከ ዝናቡ አደረሳቸው። አንበሳም ከዚያ በኋላ ጥርሱ አልተነቃነቀም፤ ሚዳቋዎቹ ይህን ሲሰሙ ያን ያህል ደስ አላላቸውም።

ጅብም እያነከሰ ተራራውን ወጣ። የመጀመሪያው ውርጭ ሲያንዘፈዝፈው ከአንገቱ ጸጉር ውስጥ አንዲት የማሽላ ፍሬ ረገፈች፤ በፍሬዋ ላይ ከአለቱ እልቂት ያመለጡ ሁለት ነቀዞች ተቃቅፈው ነበር።

«ባለቤቴ፣» አለ ባልየው ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «እንደ ድሮው ሰርግ እንደግስ ይሆን?»

«ዝም ብለህ ተጠጋኝ፣» አለች ሚስቱ።

ዛሬም እዚያው ናቸው፣ ዛሬም ሁለት ናቸው ይባላል።

ከዚህ የምንማረው ትንሽ ተባይ ስናይ «ስንት ነች?» ብለን ቆጥረን መናቅ ሳይሆን «ማን ሊያሞቃት ነው?» ብለን አስቀድመን መጠየቅ እንዳለብን ነው።